ጡቱ ሳይነሳ ዕጢው ብቻ ሲወጣ ጨረሩ የሚያነጣጥረው የት ላይ ነው?

ታናሽ_እህት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ስላለ ልጠይቃችሁ።

ታላቅ እህቴ 43 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ጡቷ አልተነሳም። ዕጢው በዙሪያው ካለው ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጋር ወጣ። የፓቶሎጂ ውጤቱ «ጠርዙ ንጹህ ነው» ይላል። ኬሞዋን ጨርሳለች። አሁን ጨረር ልትጀምር ነው። ሐኪሟ መጀመሪያ ሙሉ ጡቱ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ዕጢው የነበረበት ቦታ ላይ ተጨማሪ ጨረር እንደምትወስድ ነግሯታል። ተጨማሪውን «ቡስት» ብሎታል።

እኔን ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው። ዕጢው ወጥቷል፣ የለም። የሌለ ነገር ላይ እንዴት ይነጣጠራል? በዚያ ላይ ዕጢዋ የነበረው ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ ነው። ጠባሳዋ ግን ያለው በጡቷ ጫፍ ዙሪያ፣ ጠቆር ያለው ቆዳ ጠርዝ ላይ ነው። ጠባሳውን አይተው ቢያነጣጥሩ ሌላ ቦታ ሊመቱ አይደለም ወይ? የግራ ጡት ስለሆነ ደግሞ ልቧስ ምን ይሆናል?

የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ።

———

ኦንኮ_ጨረር

እህቴ፣ የጨረር ሕክምና ሐኪም ነኝ። እኔም የአንዲት ሴት ፕላን ስሠራ መጀመሪያ የምጠይቀው አንቺ የጠየቅሽውን ነው። ዕጢው የት ነበር? የእህትሽን ፋይል ስላላየሁ ስለ እሷ የመጨረሻው ቃል የሐኪሟ ነው። አሠራሩን ግን ላስረዳሽ።

«ጠርዙ ንጹህ ነው» ማለት የወጣው ሥጋ ዳር ላይ የካንሰር ሴል አልታየም ማለት ነው። ጡቱ ውስጥ አንድም ሴል አልቀረም ማለት አይደለም። ጨረሩ የሚያስፈልገው በዓይንም በምስልም ለማይታይ ቅሪት ነው። ኤንኤስኤቢፒ ቢ-06 የሚባል ጥናት ሴቶችን ለ20 ዓመት ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አወጣ። ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር ካልወሰዱት ውስጥ 39.2 በመቶዎቹ ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ ተመልሶባቸዋል። ጨረር በወሰዱት ላይ ግን 14.3 በመቶ ብቻ ነበር። በሕይወት በመቆየት በኩል ደግሞ ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ከተነሳ ሴቶች ጋር እኩል ናቸው። እህትሽ ጡቷን ያቆየችው ሕይወቷን አሲዛ አይደለም። ጨረሩን ግን መዝለል የለባትም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሙሉ ጡቱን ለማግኘት ብዙ አንቸገርም። ሲቲ ስካኑ ላይ ቅርጹ ይታያል። ችግሩ ያለው ቡስቱ ላይ ነው። ካንሰሩ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ዕጢው ከነበረበት ቦታ አጠገብ ነው። ተጨማሪው ጨረር እዚያ ካላረፈ የሚጠበቅበትን አይሠራም፤ ጉዳቱ ግን ሳያስፈልገው ጨረር በተቀበለው ሥጋ ላይ ይቀራል።

ጠባሳውን በተመለከተ ልክ ነሽ። ጠባሳ ብቻውን አይታመንም። ቦታውን የምንፈልገው ከብዙ አቅጣጫ ነው። አንደኛ ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ሲያወጣ ግድግዳው ላይ የተዋቸው ትናንሽ የብረት ክሊፖች ካሉ ሲቲ ላይ ቦግ ብለው ይታያሉ። ዕጢው በወጣበት ጎድጓዳ የሚጠራቀም ፈሳሽም አለ፤ ሴሮማ ይባላል። እሱም ይታያል። ከቀዶው በፊት የተነሱት ማሞግራምና አልትራሳውንድ፣ የቀዶ ሕክምናው ሪፖርትና የፓቶሎጂው ወረቀት ይጨመራሉ። እኔ በተጨማሪ ሴትየዋን ራሷን «እብጠቱን መጀመሪያ በእጅሽ ያገኘሽው የት ላይ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚገርም ያህል ይረዳል።

እህትሽ ኬሞ ስለወሰደች ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ሴሮማው ከጊዜ ጋር እየተመጠጠ ይሄዳል። ከቀዶው በኋላ ወራት ካለፉ ሲቲው ላይ ብዙም ምልክት ላይኖር ይችላል። ያኔ ዋናው መሪያችን ክሊፑ ነው። ክሊፕ ከሌለ ደግሞ አንድን ሲቲ ሁለት ሐኪሞች አይተው የተለያየ ቦታ ሊከቡ ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ነገር አጣሪ፤ ክሊፕ ተደርጎላታል ወይ?

———

ንጋት_ነኝ

ታናሽ እህት፣ አይዞሽ። እኔ በዚህ መንገድ ያለፍኩ ነኝ።

እኔ ክሊፕ አልተደረገልኝም። ቀዶውን የሠራልኝ ቦታና ጨረሩን የሰጠኝ ቦታ የተለያዩ ነበሩ፤ እርስ በርስም አልተነጋገሩም። የጨረር ሐኪሟ ሲቲውን አይታ ቆይታ ቆይታ «የድሮ ፊልሞችሽ አሉሽ?» አለችኝ። ደግነቱ ማሞግራሙንም የአልትራሳውንዱንም ወረቀት አስቀምጬ ነበር። አምጥቼ ሰጠኋት። የቀዶ ሪፖርቱን ለማግኘት ግን ብዙ ተመላለስኩ። በመጨረሻ እጄ ሲገባ ግማሽ ገጽ ነበር። ዕጢው በየትኛው የጡት ክፍል እንደነበረ እንኳ በቅጡ አይናገርም።

ሐኪሟ ያላትን መረጃ ሁሉ ሰብስባ ሠራችልኝ፤ አመሰግናታለሁ። ግን በግልጽ ነገረችኝ። «እርግጠኛ ስላልሆንኩ ቦታውን ሰፋ አድርጌ ነው የያዝኩት» አለች። ዛሬ ያ ቦታ ስዳስሰው ጠጠር ያለ ነው። ጤነኛ ነኝ፤ በዚህ አላማርርም። የሚያናድደኝ ነገሩ ቀዶው ላይ በጥቂት ደቂቃ ሊቀል ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ማንም ስላልነገረኝ እኔም አልጠየቅኩም።

ቀዶ ገና ያልተደረገላችሁ ይህን የምታነቡ ሴቶች ካላችሁ፣ እባካችሁ ከቀዶው በፊት ሐኪማችሁን «ለጨረሩ ክሊፕ ታስቀምጡልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀትም አትጣሉ። አንድም ወረቀት።

———

የጡት_ሰርጅን

ንጋት የተናገረችው እውነት ነው፤ እኛን ቀዶ ሐኪሞችን ይመለከታል። ዕጢው የነበረበትን ጎድጓዳ በዓይኑ የሚያየው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቀዶውን የሠራው። ቆዳው ከተሰፋ በኋላ ያንን የሚያይ የለም። ስለዚህ ምልክት ማስቀመጥ የእኛ ኃላፊነት ነው። እኔ ይህን እንደ ውለታ አላየውም፤ የቀዶው አካል ነው።

የታናሽ እህትን ጥያቄ ልመልስ። ጠባሳው ከዕጢው መራቁ ስህተት አይደለም። በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ቆዳ ጠርዝ ላይ ሲቀደድ ጠባሳው ብዙም አይታይም። ከዚያ በቆዳው ሥር ተሂዶ ዕጢው ጋ ይደረሳል። ጠባሳው በር ነው፣ ዕጢው የነበረበት ቦታ ደግሞ ጓዳ ነው። ከበሩ አጠገብ ጓዳውን የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል።

ክሊፖቹ ብዙ ጊዜ ከቲታኒየም የተሠሩ ናቸው። ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ፣ ከታች፣ ከውስጥ በኩል፣ ከውጭ በኩል፣ ከዚያም ከታችኛው ወለል፣ ማለትም ደረት ጡንቻው ላይ ይደረጋሉ። አንዳንዴ ከቆዳው በኩልም ይጨመራል። አንድ ክሊፕ ብቻ መሃል ላይ ማስቀመጥ ብዙ አይጠቅምም። ነጥብ ይሰጣል እንጂ ጎድጓዳው ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ አያሳይም።

አሁን ከበፊቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ አለ። ጡቱ ቅርጹን እንዳያጣ ብለን በዙሪያው ያለውን ሥጋ እናዞራለን፤ አንዳንዴም ከሌላ ቦታ አምጥተን ክፍተቱን እንሞላለን። ለሴቲቱ መልካም ነው። ለጨረሩ ግን ካርታው ተለወጠ ማለት ነው። ጎድጓዳው ተዘግቷል፣ ግድግዳዎቹ ከቦታቸው ተንቀሳቅሰዋል። በዚህ ዓይነት ቀዶ ላይ ክሊፖቹ ሥጋው ከመዞሩ በፊት መቀመጥ አለባቸው። ሪፖርቱም ምን ወዴት እንደዞረ በዝርዝር መጻፍ አለበት። እኔ ሪፖርቱ ላይ የክሊፖቹን ብዛትና እያንዳንዱ የት እንዳለ እጽፋለሁ። ካስፈለገም የጨረር ሐኪሙ ጋ ስልክ እደውላለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ላይ ሆነን ሲቲውን ብናይ ደግሞ የተሻለ ነው።

———

ታናሽ_እህት

ዶክተሮች፣ እግዜር ይስጥልን። ንጋትዬ፣ አንቺንም እንዲሁ።

እህቴን ጠየቅኳት። «አዎ፣ ክሊፕ አስገብተውልኛል» አለችኝ። ግን መቼ ስላት ባዮፕሲ ሲደረግላት፣ ማለትም ለምርመራ ከዕጢው ናሙና ሲወሰድ ነው። ከቀዶው በፊት ማለት ነው። ያ ይበቃል? ደግሞ ክሊፑ ውስጧ ሲቀር ጉዳት የለውም? ኋላ ኤምአርአይ ቢታዘዝላትስ?

———

የጡት_ሰርጅን

ደግ አደረግሽ አጥብቀሽ መጠየቅሽ። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል። በባዮፕሲ ጊዜ የሚቀመጠው ምልክት ዕጢው ውስጥ ነው የሚገባው። የሚረዳው ቀዶ ሐኪሙን ነው። ዕጢው ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ መውጣቱንም በራጅ እናረጋግጣለን። ለጨረሩ የሚጠቅሙት ከዚያ በኋላ፣ ዕጢው የወጣበት ግድግዳ ላይ የሚቀመጡት ናቸው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት አስወጪና እዚያ ላይ ፈልጊ። ወይም ለጨረሩ ፕላን የሚነሳው ሲቲ ላይ ይታያሉ፤ ሐኪሟን ጠይቂ።

የቲታኒየም ክሊፕ ሰውነት ውስጥ ቢቀር ችግር የለውም፤ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ኤምአርአይም አይከለክልም። ሆኖም ምርመራ ከመግባቷ በፊት ክሊፕ እንዳላት ለባለሙያው ትንገር። አንድ ጥቅም ልጨምርልሽ። በኋላ በየዓመቱ ማሞግራም ስትነሳ ክሊፖቹ ዕጢው የነበረበትን ቦታ ለራዲዮሎጂስቱም ያመለክታሉ።

———

ፊዚሲስት_ነኝ

የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነኝ። ሐኪሙ ቦታውን ይከባል፣ እኛ ጨረሩ እዚያ እንዲደርስ ፕላኑን እንሠራለን። ስለ «ሰፋ አድርጎ መያዝ» ትንሽ ልበል። ንጋት የነካችው ነገር ቁጥር አለው።

ሐኪሙ የከበበው ቦታ እንዳለ አይታከምም። በምስል የማይታይ ሴል በዙሪያው ሊኖር ስለሚችል ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰውየው ይተነፍሳል፣ አተኛኘቱም በየቀኑ በጥቂቱ ይለያያል። ለዚያም ሌላ ዳር ይጨመራል። እርግጠኛ ባልሆንን ቁጥር ዳሩ ይሰፋል።

ዳር መስፋት ቀላል ሊመስል ይችላል። እስቲ እናስላው። ዲያሜትሩ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ነገር ይዘቱ 34 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በዙሪያው ሁሉ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብንጨምር 113 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከ3 እጥፍ በላይ አደገ። ይህ ሁሉ ሥጋ ነው ከፍተኛውን ጨረር የሚቀበለው። ሥጋው እየጠጠረ፣ ጡቱ እየተጨማደደ የሚሄደው ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ክሊፕ የሚያድነው ዒላማውን ከመሳት ብቻ አይደለም፤ ሳያስፈልግ ከማስፋትም ያድናል።

ቦታው አንዴ ከታወቀ በየቀኑ እዚያው መድረስ ሌላ ሥራ ነው። ቆዳ ላይ ነጠብጣብ የሚያህሉ ቋሚ ምልክቶች ይደረጋሉ። ክፍሉ ውስጥ ካሉት የሌዘር መስመሮች ጋር ይገጣጠማሉ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የቆዳውን ገጽ የሚከታተል ካሜራ አለ። ከዚያ ማሽኑ ላይ ራሱ ራጅ ወይም ትንሽ ሲቲ ይነሳል። ክሊፖቹ እዚህም ይረዳሉ። አጥንት አይተን ብናስተካክል የደረቱን ግድግዳ ልክ እናደርጋለን፤ ጡት ግን ለስላሳ ነው፤ አጥንቱ ቦታው ላይ ሆኖ ጡቱ ሊንሸራተት ይችላል። ክሊፖቹን አይተን ስናስተካክል ግን ያንኑ የምንፈልገውን ቦታ ነው የምናየው።

ስለ ልቧ። መጠየቅሽ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድንና በዴንማርክ የ2,168 ሴቶችን መረጃ ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር። ልብ በአማካይ በተቀበለው በእያንዳንዱ 1 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ከባድ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ በ7.4 በመቶ ያድጋል። ከዚህ መጠን በታች ችግር የለም የሚባል ወለልም አልተገኘም። ያ ጥናት ያያቸው ሴቶች በቀድሞው ቴክኒክ የታከሙ ናቸው። ዛሬ ለግራ ጡት አየር በደንብ ስባ ትንፋሿን ይዛ እንድትቆይ ይደረጋል፤ በአንዴ 20 ሰከንድ ገደማ። ሳንባው ሲሞላ ልብ ከደረቱ ግድግዳ ይርቃል። ማሽኑ ጨረር የሚለቀው ትንፋሹ ሲያዝ ብቻ ነው። ብዙ ሴቶች ላይ ልብ የሚደርሰው መጠን በግልጽ ይቀንሳል። ይህ አሠራር ቦታችሁ ካለ ጠይቁ።

———

ልጠይቅ_ብቻ

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ስለ ቡስት ታወራላችሁ። እናቴ ሙሉ ጡቷ ላይ ብቻ ጨረር ወስዳ ቡስት ሳይደረግላት ይኸው ደህና ናት። ሙሉ ጡቱ ከታከመ ዕጢው የነበረበትም ታክሟል ማለት ነው። ለምን ተጨማሪ ጣጣ?

———

ኦንኮ_ጨረር

እናትህን እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልህ። ቡስት ለሁሉም አይደረግም፤ ለእሷ አያስፈልግም ተብሎ ይሆናል።

ይህን ለመመለስ በአውሮፓ 5,318 ታካሚዎች ላይ ጥናት ተደርጓል። ሁሉም ሙሉ ጡታቸው ላይ 50 ግሬይ ወሰዱ። ግማሾቹ ዕጢው የነበረበት ላይ 16 ግሬይ ተጨመረላቸው። ከ20 ዓመት በኋላ ቡስት ካልወሰዱት 16.4 በመቶ፣ ከወሰዱት 12.0 በመቶ እዚያው ጡት ላይ ተመልሶባቸዋል። በወጣቶቹ ላይ ልዩነቱ ሰፋ ይላል፤ 40 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑት ከ36.0 ወደ 24.4 በመቶ ወርዷል። በሕይወት በመቆየት ግን ልዩነት አልታየም። ዋጋም አለው። ከባድ የሥጋ መጠጠር ከ1.8 ወደ 5.2 በመቶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ዕድሜዋ፣ የዕጢው ጠባይና የጠርዙ ሁኔታ ተመዝኖ ነው የሚወሰነው። በ43 ዓመት ኬሞ ያስፈለጋት ሴት ቡስት ቢታዘዝላት እኔ አይገርመኝም።

መጠኑን በኃይል መጨመር ደግሞ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኢምፖርት ሃይ የተባለ የብሪታንያ ጥናት ይህን አሳይቷል። 2,617 ሴቶች ነበሩበት። ቡስቱን ለብቻው ከመጨረሻ ከመስጠት ይልቅ ሙሉ ጡቱ በሚታከምባቸው በእነዚያው 3 ሳምንታት ውስጥ አብሮ መስጠት ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው። ይቻላል። በ5 ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው በቀድሞው መንገድ 1.9 በመቶ፣ አብሮ 48 ግሬይ በተሰጣቸው 2.0 በመቶ ናቸው። መጠኑ ወደ 53 ግሬይ ከፍ ባለላቸው ግን 3.2 በመቶ ሆነ። የጨመረው ጨረር የጨመረው ጥቅም የለም፤ መጠጠሩ ግን በዛ።

የዒላማው ነገር ከቡስትም በላይ የሚከብድበት ቦታ አለ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ዝቅተኛ የሆነ ሴቶች ላይ ጨረሩን ዕጢው በነበረበት የጡት ክፍል ብቻ መወሰን ይቻላል። ኢምፖርት ሎው የተባለው ጥናት 2,018 ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አወጣ። በ5 ዓመት ሙሉ ጡታቸው በታከመ ላይ 1.1 በመቶ፣ ከፊሉ ብቻ በታከመ ላይ 0.5 በመቶ ነው የተመለሰው። የጡቱ መልክም ብዙም አልተለወጠም። አስብ እንግዲህ። ሙሉ ጡቱ ሲታከም ቡስቱ ትንሽ ቢስት እንኳ ቦታው መሠረታዊውን ጨረር አግኝቷል። ከፊሉ ብቻ ሲታከም ግን ቦታውን መሳት ማለት ምንም ጨረር አለማግኘት ሊሆን ይችላል። ክሊፕ የሌላትን ሴት በዚህ መንገድ ለማከም እኔ በጣም አመነታለሁ።

———

እማማ_ዘውዴ

ልጆቼ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው። ዕጢዬ ትንሽ ነበር፣ ወጣ። ሐኪሙ «የሆርሞን ኪኒኑን በደንብ ከወሰዱ ጨረሩን ልንተወው እንችላለን» አለኝ። ልጆቼ ደግሞ «ለምን ይተዋል» ብለው ተቆጡ። ምን ትሉኛላችሁ?

———

ኦንኮ_ጨረር

እናቴ፣ ሐኪምዎ ያሉት ከጥናት የመጣ ነው፤ ልጆችዎ አይስጉ። ፕራይም ሁለት የሚባለው ጥናት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 1,326 ሴቶችን ይዟል። ዕጢያቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ብብት ያልደረሰ፣ ለሆርሞን ኪኒን ምላሽ የሚሰጥ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ጨረር ካልወሰዱት 9.5 በመቶ፣ ከወሰዱት 0.9 በመቶ እዚያው ጡት ላይ ተመልሶባቸዋል። በሕይወት የቆዩት ግን በሁለቱም በኩል እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። ጨረሩ ካንሰሩ እዚያው እንዳይመለስ ይከላከላል፤ ዕድሜ አይጨምርም። ከተዉት ኪኒኑን ማቋረጥ የለብዎትም። ኪኒኑ ካልተስማማዎት ግን ቶሎ ይናገሩ፤ ያኔ ስለ ጨረሩ እንደገና መነጋገር ይሻላል። ልጆችዎን ይዘው ሐኪሙ ጋ ቢሄዱና እነሱም ቢሰሙ መልካም ነው።

———

ልጠይቅ_ብቻ

ለማብራሪያው አመሰግናለሁ ዶክተር። አንድ ልጨምር። እዚያው ቀዶ ክፍል ውስጥ፣ ሳይሰፋ፣ ጎድጓዳው ክፍት እያለ ጨረሩን አንዴ ሰጥቶ መገላገል የለም ወይ? ያኔ ቦታው ይታያል፣ መፈለግ የለ።

———

የጡት_ሰርጅን

አለ፤ ተሞክሯል። ሐሳቡም መልካም ነው። በጣሊያን የተደረገው ኤሊዮት የተባለ ጥናት ቀዶው ላይ በአንዴ 21 ግሬይ ሰጠ። በ5 ዓመት ካንሰሩ የተመለሰባቸው 4.4 በመቶ ሆኑ። ሙሉ ጡታቸው በተለመደው መንገድ በታከሙት ግን 0.4 በመቶ ብቻ። አንዱ ምክንያት የሚመስለኝ ይህ ነው። በዚያች ሰዓት ጎድጓዳውን እናያለን፣ የፓቶሎጂውን ሙሉ ውጤት ግን ገና አናውቅም። ጠርዙ ንጹህ ይሁን፣ ብብቱ ይያዝ አይያዝ፣ የዕጢው ጠባይ ምን ይሁን ኋላ ነው የሚታወቀው። በጥንቃቄ ለተመረጡ ሴቶች ይሆናል። ለሁሉም አይደለም።

———

ሲሙሌሽን_ክፍል

በየቀኑ ታካሚዎችን ማሽኑ ላይ የማስተኛ የጨረር ቴክኖሎጂስት ነኝ። ለታናሽ እህት ጥቂት የሚጠቅም ነገር ልጻፍ።

እህትሽ ፕላን ሲቲ ስትነሳ በጀርባዋ ተኝታ እጇን ከራሷ በላይ ታደርጋለች። ከቀዶ በኋላ፣ በተለይ ብብት ከተነካ፣ ትከሻ ይያዛል። እጇ ካልተነሳ ወይም እያመማት ካነሳችው በየቀኑ አተኛኘቷ ይለያያል። ስለዚህ የትከሻ እንቅስቃሴዋን ከአሁኑ በየቀኑ ትሥራ። ከሁሉ በላይ ይህን አደራ እላለሁ፤ ብዙ ሴት ይህን የሚነግራት የለም።

ጠባሳው ላይ ቀጭን ሽቦ እንለጥፋለን። ሲቲው ላይ ጠባሳው የት እንደሆነ እንዲታይ ብቻ ነው። «ጠባሳው ላይ እያነጣጠሩ ነው» ብላችሁ አትደንግጡ።

ትንፋሽ መያዙን ቤት ትለማመድ። በረጅሙ ስባ፣ ትከሻዋን ሳታነሳ፣ ደረቷን ሞልታ ትያዝ። አቃተኝ ብላ አትፍራ፤ ካቃታት ትንፋሿን ስትለቅ ማሽኑ ይቆማል። የተሰጣትን የቆዳ ምልክት በቀለም ከሆነ እንዳይለቅ ትጠንቀቅ፤ ከለቀቀም ራሷ እንዳትሥለው።

ጠረጴዛው ላይ ስትተኛ ደግሞ ሰውነቷን ታላላ። እኛ እናንቀሳቅሳታለን። ልትረዳን ብላ ስትንቀሳቀስ ነው ልኬቱ የሚበላሸው።

———

ታናሽ_እህት

ሪፖርቱን አገኘን። «በጎድጓዳው ግድግዳ 5 ክሊፖች ተቀምጠዋል» ይላል፤ የት የት እንደሆኑም ተጽፏል። እህቴ ወረቀቱን ይዛ ሄዳ ለሐኪሟ አሳየችው። እሱም ሲቲው ላይ አንድ በአንድ አሳያት። ዕጢው የነበረበት፣ እሷ መጀመሪያ በእጇ ያገኘችበት ቦታ ነው። ትንፋሽ መያዙንም ቦታው ላይ ይሠሩታል። ትከሻዋን ዛሬ ጀምራለች፤ እኔም አብሬ ነው የምሠራው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ ዶክተር። ቡስቱ የሚመጣው ሙሉ ጡቱ ከታከመ በኋላ ነው። እስከዚያ ጡቷ ቢያብጥ ወይም ፈሳሹ ቢመጠጥ የመጀመሪያው ሲቲ ያኔም ልክ ነው?

———

ኦንኮ_ጨረር

ክሊፖቹ በመኖራቸው ደስ ብሎኛል።

ሁልጊዜ ልክ ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሲቲ ላይ ትልቅ ሴሮማ ከነበረ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ዒላማውም አብሮ ያንሳል። ጡቱ በግልጽ ካበጠም ቅርጹ ይለወጣል። እንዲህ ሲሆን ከቡስቱ በፊት ሌላ ሲቲ ተነስቶ ፕላኑ እንደገና ይሠራል። የእህትሽ ቀዶ ከወራት በፊት ስለሆነ ፈሳሹ አሁን ብዙም አይኖርም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ለውጡ ትንሽ ነው ብዬ እጠብቃለሁ። ክሊፖቹ በየቀኑ ምስል ላይ ስለሚታዩ ከቦታቸው ከራቁም ባለሙያዎቹ ያዩታል።

እሷ ደግሞ እብጠት፣ አዲስ ሕመም፣ ልብሷ መጥበቡን ካየች የሳምንቱን የሐኪም ቀጠሮ ሳትጠብቅ ማሽኑ ጋ ላሉት ትንገራቸው። ቡስቱ ከመጀመሩ በፊትም «ፕላኑ በየትኛው ሲቲ ነው የተሠራው?» ብላ ትጠይቅ።